የሠንጠረዥ ረድፎችን በመጎተት ማዘዋወር፦ ከማውስ እስከ ዳታቤዝ

በድረ ገጽ ላይ ከምናያቸው ሠንጠረዦች ብዙዎቹ ቅደም ተከተላቸው ራሱ መረጃ ነው። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የፈተና ጥያቄ፣ የመዝሙር ዝርዝር፣ የተረኞች ስም፤ በእነዚህ ሁሉ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚወስነው ሰው ነው እንጂ የፊደል ተራ ወይም ቀን አይደለም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር በየረድፉ ቁጥር እየጻፉ ማስተካከል አሰልቺ ነው። 5 የነበረውን 3 ስታደርጉ 3 የነበረውን መቀየር ትረሳላችሁ፤ ሁለት ሦስተኛ ይኖራችኋል፤ አምስተኛ ይጠፋል። ረድፉን ይዞ ወደሚፈለገው ቦታ መጎተት ግን ማንም ሳያስተምሩት የሚሞክረው ነገር ነው።

ይህን የሚሠራ አጭር ኮድ በየቦታው ይገኛል። ችግሩ አብዛኛው በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ረድፉ በማውስ ሲንቀሳቀስ ሥራው እንዳለቀ መቁጠሩ ነው። ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በስልክ ሲከፈት ረድፉ አይነቃነቅም፤ ማውስ መያዝ የማይችል ሰው ጨርሶ አይጠቀምበትም። መጎተቱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከዚህ በታች ያሉት 10 ደረጃዎች እስከ መጨረሻው ያደርሷችኋል።

ለምሳሌነት አንድ የሚካኤል ጽዋ ማኅበር እንያዝ። አባላቱ 12 ናቸው፤ በየወሩ በ12ኛው ቀን ተራ የደረሰው አባል ይደግሳል። ሙሴው (የማኅበሩ ሰብሳቢ) እና ጸሐፊው የዓመቱን ተራ የሚያስተካክሉት በድረ ገጽ ላይ ባለ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ወር፣ የአባሉ ስም እና ስልክ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉት።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኮድ ቃላትን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። እንደ ድራግስታርት ያሉ የኢቨንት ስሞች በሙሉ በትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ። እንደ ፕሪቨንትዲፎልት ያሉ፣ ከአንድ በላይ ቃል የተጋጠመባቸው የጃቫስክሪፕት ትእዛዞች ደግሞ ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል። መሠረታዊ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ እና ጃቫስክሪፕት የምታውቁ ከሆነ በቂ ነው።

ደረጃ 1፦ መግፋት ነው ወይስ መለዋወጥ? ቀድማችሁ ወስኑ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ረድፉ ሲለቀቅ ሌሎቹ ረድፎች ምን እንደሚሆኑ ወስኑ። በመግፋት አሠራር የጥር ተረኛ ወደ ጥቅምት ቢጎተት የጥቅምቱ ወደ ኅዳር፣ የኅዳሩ ወደ ታኅሣሥ፣ የታኅሣሡ ወደ ጥር ይገፋሉ። አንድ ሰው ለማንቀሳቀስ ብላችሁ የአራት ሰው ወር ቀየራችሁ ማለት ነው። በመለዋወጥ አሠራር ግን የጥሩና የጥቅምቱ ተረኞች ብቻ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። ያንን ወር በስለት የያዘ አባል ካለና የእናንተ ኮድ ሳይጠይቅ ወደ ታኅሣሥ ከገፋው ጥፋቱ የሚታወቀው ድግሱ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ተራ ገና ሲደለደል መግፋት ይመቻል፤ ሰው ሁሉ ወሩን አውቆ መዘጋጀት ከጀመረ በኋላ ግን መለዋወጥ ይሻላል። ለሜኑ ወይም ለመዝሙር ዝርዝር መግፋት ሁልጊዜም ተገቢ ነው። እዚህ መሠረቱን በመግፋት እንሠራለን፤ መለዋወጡን ደረጃ 6 ላይ እንጨምራለን።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ፦ የማይንቀሳቀሱ ረድፎች የትኞቹ ናቸው? መስከረምና ጥቅምት አልፈው ከሆነ የእነዚህ ወራት ተረኞች ደግሰው ጨርሰዋል፤ ማንም ሊጎትታቸውም ከእነሱ በላይ ሊገባም አይገባም።

ደረጃ 2፦ ሠንጠረዡን በሥርዓት አዋቅሩ

የዓምዶቹን ርዕስ ቲሄድ ውስጥ፣ የሚንቀሳቀሱትን ረድፎች ቲቦዲ ውስጥ አስቀምጡ። እንዲህ ከሆነ ርዕሱ በስሕተት አይጎተትም፤ ኮዱም የሚሠራው በቲቦዲው ላይ ብቻ ይሆናል። ቲቦዲን ባትጽፉት እንኳ ብራውዘሩ ራሱ ይጨምረዋል። ረድፎቹ የሠንጠረዡ ቀጥተኛ ልጆች የመሰሏቸው ጀማሪዎች ረድፍ ሲያስገቡ ስሕተት የሚገጥማቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ወላጃቸው ቲቦዲው ነው።

ለእያንዳንዱ ረድፍ በዳታቤዝ ያለውን መለያ ቁጥር ዳታ ሰረዝ አይዲ በተባለው አትሪቢዩት ስጡት። የሰውን ስም መለያ አታድርጉ፤ አንድ ማኅበር ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። የተራ ቁጥሩንም መለያ አታድርጉ፤ እሱ ደግሞ የሚቀየረው ነገር ራሱ ነው።

የወሩን ዓምድ በተለየ ሁኔታ እዩት። ወሩ የቦታው ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ረድፉ ሲንቀሳቀስ ስሙና ስልኩ አብረው ይሄዳሉ፤ "መስከረም" የሚለው ግን ሁልጊዜ አንደኛው ረድፍ ላይ መቆየት አለበት። ስለዚህ የ12ቱን ወራት ስም በቅደም ተከተል በጃቫስክሪፕት ዝርዝር ያዙ። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ከላይ እስከ ታች እየሄደ የወሩን ሕዋስ እንደገና የሚጽፍ ትንሽ ፈንክሽን አዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ መያዣ አብጁ

ሙሉውን ረድፍ የሚጎተት ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ስልክ ቁጥር ኮፒ ለማድረግ የሞከረ ሰው ጽሑፉን መምረጥ ትቶ ረድፉን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በረድፉ መጀመሪያ ላይ፣ ከወሩ ሕዋስ ውጭ በራሱ ሕዋስ፣ ሦስት አግድም መስመር ያለው ትንሽ መያዣ አድርጉ፤ ረድፉ የሚንቀሳቀሰው በእሱ ብቻ ይሁን።

መያዣውን በስፓን ሥሩት። በተን የተባለው ኤለመንት እንዲጎተት ማድረግ ፋየርፎክስ ላይ ለረጅም ዓመታት ሲያስቸግር የኖረ ጉዳይ ነው። መያዣው ላይ ድራገብል የሚለውን አትሪቢዩት ጨምሩ፤ ዋጋውንም ትሩ ብላችሁ ጻፉ። ዋጋውን ሳይጽፉ ስሙን ብቻ ማስቀመጥ አይሠራም።

በሲኤስኤስ የመያዣውን ከርሰር ግራብ አድርጉት፤ እጅ ሲታይ ሰው መያዝ እንደሚቻል ይረዳል። ስፋቱና ቁመቱ ለጣት የሚበቃ ይሁን፤ 44 ፒክስል በ44 ፒክስል ጥሩ መነሻ ነው። ያለፉት ወራት ረድፎች ላይ ግን መያዣ አታስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ጉተታው ሲጀመር

በየመያዣው ላይ አዳማጭ ከመስቀል ይልቅ አንዱን ቲቦዲው ላይ አድርጉ፤ ነገ አዲስ አባል ሲጨመር ምንም ሳትነኩ ይሠራል። ድራግስታርት የተባለው ኢቨንት ሲመጣ የሚከተሉትን አድርጉ፦

አንደኛ፣ ከመያዣው ወደ ላይ ሄዳችሁ ረድፉን አግኙ፤ ክሎዘስት የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ነው። ረድፉን በአንድ ተለዋዋጭ ያዙት።

ሁለተኛ፣ ረድፉ ስንተኛ ቦታ ላይ እንደነበረ መዝግቡ። ሰውየው ሐሳቡን ቢቀይር ወደዚያው ትመልሱታላችሁ።

ሦስተኛ፣ በዳታትራንስፈር በኩል የረድፉን መለያ ቁጥር እንደ ተራ ጽሑፍ ሴትዳታ አድርጉ፤ ኢፌክትአላውድ የሚለውንም ሙቭ በሉት። ይህ ያስገባችሁት ዳታ ጉተታው በመካሄድ ላይ ሳለ አይነበብም። ብራውዘሩ ለደኅንነት ሲል እስከ መጨረሻው ድሮፕ ድረስ ይሰውረዋል። የትኛው ረድፍ እየተጎተተ እንደሆነ በመሃል ለማወቅ የምትጠቀሙት ተለዋዋጩን ነው።

አራተኛ፣ ከማውሱ ጋር የሚሄደው ምስል መያዣው ብቻ እንዳይሆን ሴትድራግኢሜጅ በሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ረድፍ ስጡት።

አምስተኛ፣ የተያዘው ረድፍ እንዲደበዝዝ ክላስ ጨምሩለት፤ ግን ወዲያው አይሁን። ብራውዘሩ የረድፉን ፎቶ የሚያነሣው የእናንተ ፈንክሽን ካለቀ በኋላ ስለሆነ ክላሱን ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ከማውሱ ጋር የሚሄደውም ምስል ይደበዝዛል። በሴትታይምአውት ዜሮ ሚሊሰከንድ ሰጥታችሁ አዘግዩት። በዚህ ቅጽበት ረድፉን ከቦታው መንቀልም አይገባም፤ ክሮም ጉተታውን እዚያው ሊያቋርጠው ይችላል።

ደረጃ 5፦ ረድፉ የት ይግባ?

የሥራው እምብርት ይህ ነው። ማውሱ በቲቦዲው ላይ እያለ ድራግኦቨር የተባለው ኢቨንት ይደጋገማል፤ ማውሱ ቆሞ እንኳ አይቋረጥም። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ከባድ ሥራ አታስገቡ።

የመጀመሪያው መስመር ፕሪቨንትዲፎልት ይሁን። ብራውዘር በተፈጥሮው "እዚህ መጣል አይቻልም" ነው የሚለው። ያንን እምቢታ ካላነሣችሁለት ድሮፕ የሚባል ኢቨንት ጭራሽ አይመጣም። ብዙዎች "ማውሱ ራሱ የተያዘው ረድፍ ላይ ከሆነ ተመለስ" የሚለውን ከዚህ በፊት ያስቀምጣሉ። ረድፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማውሱ ያለው ግን እሱው ላይ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሲለቁት ሥራው ሁሉ ይሰረዛል። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያ ምርመራው ይምጣ።

ቀጥሎ ስሌቱ፦ ከተያዘው ረድፍ ሌላ ካሉት መካከል የመሃል መስመራቸው ከማውሱ በላይ የሆኑትን ቁጠሩ። ያገኛችሁት ቁጥር ከተያዘው ረድፍ በላይ መቅረት ያለባቸው ረድፎች ብዛት ነው። የእያንዳንዱን ረድፍ ጫፍና ቁመት ጌትባውንዲንግክላየንትሬክት ይሰጣችኋል፤ የማውሱን ከፍታ ደግሞ ከኢቨንቱ ክላየንትዋይ ታገኛላችሁ።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ረድፍ ከላይ በ100 ፒክስል ይጀምር፤ እያንዳንዱ ረድፍ 40 ፒክስል ቁመት ይኑረው። ጸሐፊው አምስተኛውን፣ የጥርን ተረኛ፣ ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ማውሱ 165 ላይ ነው። የመስከረም ረድፍ መሃል 120፣ የጥቅምት 160፣ የኅዳር 200፣ የታኅሣሥ 240 ነው። ከ165 የሚያንሱት ሁለት ናቸው። ሁለት ረድፎች ከላይ ይቀራሉ፤ የተያዘው ሦስተኛ ይሆናል፤ አዲሱ ወሩ ኅዳር ነው። ሁለት ወር ያለፈ ከሆነ ቁጥሩ ከሁለት እንዳያንስ ገደብ አድርጉ፤ ያለፉት ረድፎች በዚህ ይጠበቃሉ። የረድፎቹ ቁመት የተለያየ ቢሆንም ይህ ስሌት ረድፉን ወዲያና ወዲህ አያወዛውዘውም።

አሁን ረድፉን የሚያንቀሳቅስ አንድ ፈንክሽን ጻፉ። ረድፉንና መድረስ ያለበትን ቦታ ይቀበል። እዚህ ላይ ብዙ ችግር በአንድ ጊዜ የሚፈታ ዘዴ አለ፦ የተያዘውን ረድፍ ሳይሆን ጎረቤቶቹን አንቀሳቅሱ። ረድፉ መውረድ ካለበት ከሥሩ ያለውን ረድፍ አንሥታችሁ ከፊቱ አስገቡ፤ ይህንኑ ቦታው እስኪደርስ ድገሙ። መውጣት ካለበት ከበላዩ ያለውን አንሥታችሁ ከኋላው አድርጉ። ቢፎር እና አፍተር የሚሉት ትእዛዞች ገጹ ላይ ያለን ረድፍ ሲሰጧቸው ኮፒ አያደርጉም፤ ከነበረበት አንሥተው ያዛውሩታል። ለዓይን ውጤቱ አንድ ነው፤ የተያዘው ረድፍ ግን ለአፍታም ከገጹ አይነቀልም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ደረጃ 8 እና 9 ላይ ታዩታላችሁ።

በፈንክሽኑ መጨረሻ ወራቱን እንደገና የሚጽፈውን ፈንክሽን ጥሩ።

ደረጃ 6፦ ሲለቀቅ፣ ሲሰረዝ፣ ሲለዋወጥ

ሁለት ኢቨንቶች ቀርተዋል። ድሮፕ የሚመጣው ረድፉ በተፈቀደ ቦታ ሲለቀቅ ብቻ ነው። እዚህም ፕሪቨንትዲፎልት በሉ፤ ያለዚያ አንዳንድ ብራውዘር የተጣለውን ጽሑፍ እንደ አድራሻ ሊከፍተው ይሞክራል። ከዚያ "በትክክል ተለቋል" የሚል ምልክት መዝግቡ።

ድራግኤንድ ግን ሁልጊዜ ይመጣል፤ ሰውየው ከሠንጠረዡ ውጭ ቢለቀውም፣ ኢስኬፕ ቢጫንም። ስለዚህ ማጽዳቱን ሁሉ እዚህ አድርጉ፦ የማደብዘዣውን ክላስ አንሡ፣ ተለዋዋጮቹን ባዶ አድርጉ። "በትክክል ተለቋል" የሚለው ምልክት ከሌለ ረድፉን ደረጃ 4 ላይ ወደመዘገባችሁት ቦታ መልሱት። ምልክቱ ካለና ቦታው በእርግጥ ከተቀየረ ወደ ማስቀመጥ እለፉ። ተነሥቶ እዚያው የተመለሰ ረድፍ ሰርቨሩን ማስቸገር የለበትም።

መለዋወጥን ከመረጣችሁ ድራግኦቨር ላይ ምንም ነገር አታንቀሳቅሱ፤ ማውሱ ያለበትን ረድፍ ብቻ በቀለም አድምቁት። ድሮፕ ሲመጣ በተያዘው ረድፍ ቦታ ባዶ ምልክት ተኩ፤ የተያዘውን በዒላማው ቦታ ተኩ፤ በመጨረሻ ዒላማውን በባዶው ምልክት ቦታ አስገቡ። ሪፕሌስዊዝ የሚለው ትእዛዝ ሦስቱንም ይሠራል። ዒላማው ያለፈ ወር ወይም በስለት የተያዘ ወር ከሆነ አትቀበሉት፤ ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳዩ።

ደረጃ 7፦ አዲሱን ተራ ዳታቤዝ አስገቡ

እስካሁን የተሠራው ሁሉ ያለው በአንድ ሰው ስክሪን ላይ ነው። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የረድፎቹን መለያ ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ሰብስባችሁ በጄሰን መልክ በፌች ወደ ሰርቨሩ ላኩ። ሙሉውን ቅደም ተከተል መላክ "7ኛው ወደ 3 ሄዷል" ብሎ ከመላክ ይሻላል፤ አንድ መልእክት በመሃል ቢጠፋ እንኳ ቀጣዩ ሁሉንም ያስተካክለዋል።

ሰርቨሩ የመጣለትን ሁሉ አይመን። አራት ነገር ይመርምር፦

ላኪው ተራ የመቀየር ሥልጣን አለው? ሥልጣኑ የሙሴውና የጸሐፊው ብቻ ከሆነ የሌላ አባል ጥያቄ ይመለስ። በገጹ ላይ መያዣውን መደበቅ ብቻውን ጥበቃ አይደለም።

የመጡት መለያ ቁጥሮች በዳታቤዝ ካሉት ጋር አንድ ናቸው? የጎደለ፣ የተደገመ ወይም የማይታወቅ ካለ ይመለስ።

ያለፉት ወራት ተረኞች ባሉበት አሉ?

ዝርዝሩ በመሃል በሌላ ሰው አልተቀየረም? ለዚህ ለሠንጠረዡ የእትም ቁጥር ስጡት፤ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ይጨምር። ገጹ የከፈተውን ቁጥር አብሮ ይልካል። ሙሴው ከፍቶት ሳለ ጸሐፊው ቀድሞ ካስቀመጠ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ ያኔ "ዝርዝሩ በሌላ ሰው ተቀይሯል፤ አዲሱን እዩ" የሚል መልስ ይስጥ እንጂ የጸሐፊውን ሥራ ዝም ብሎ አያጥፋ።

ከዚህ በኋላ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ የየአባሉን የተራ ዓምድ ከ1 እስከ 12 ጻፉ። መሃል ላይ ቢቋረጥ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ እንዳይቀር ትራንዛክሽኑ የግድ ነው። ለተራው ዓምድ "አይደገምም" የሚል ገደብ ካደረጋችሁ ደግሞ ገና በመጻፍ ላይ እያላችሁ ግጭት ይመጣል፤ አዲሱ ሦስተኛ ሲጻፍ አሮጌው ሦስተኛ አልተነሣም። መፍትሔው መጀመሪያ ሁሉንም በኔጌቲቭ ቁጥር ጽፎ በመጨረሻ በአንድ ትእዛዝ ወደ ፖዘቲቭ መመለስ ነው።

ዝርዝሩ በሺዎች የሚቆጠር ከሆነ ሁሉን እንደገና መጻፍ ከባድ ነው። እንደዚያ ሲሆን 1000፣ 2000፣ 3000 እያላችሁ ቁጥር ስጡ፤ በ1000 እና በ2000 መካከል የገባው 1500 ይሆናል፤ የሚጻፈውም አንድ ረድፍ ብቻ ነው። ክፍተቱ ያለቀ ዕለት ሁሉንም እንደገና ታቆጥራላችሁ። ለ12 ሰው ግን ይህ አያስፈልግም።

ስታነቡ ኦርደር ባይ በሚለው የተራውን ዓምድ ጥቀሱ። ካልጠቀሳችሁ ዳታቤዝ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚመልስ ቃል አይገባም፤ ዛሬ የተስተካከለ መስሎ ነገ ይዘበራረቃል።

ገጹ ላይ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ "ተቀምጧል" አትበሉ። እየተላከ ሳለ "በማስቀመጥ ላይ"፣ መልሱ ሲመጣ "ተቀምጧል"፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ "አልተቀመጠም፤ እንደገና ይሞክሩ" የሚል በተን አሳዩ። ኔትወርክ መጣ ሄደ በሚልበት ቦታ ይህች ትንሽ ጽሑፍ ከአኒሜሽን ሁሉ ትበልጣለች።

ደረጃ 8፦ ማውስ ለማይዝ ሰው መንገድ አብጁ

እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ የማያይ፣ ወይም በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው መጎተት አይችልም። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2023 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ 2.2 በአንቀጽ 2.5.7 ይህንኑ ደንግጓል፦ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሁሉ፣ መጎተቱ የግድ ካልሆነ በቀር፣ ያለመጎተት፣ በመንካት ብቻም መሠራት መቻል አለበት። የመንግሥትም ሆነ የግል ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካለፉት ወራት ረድፎች በቀር በየረድፉ "ወደ ላይ" እና "ወደ ታች" የሚሉ ሁለት በተኖች አድርጉ፤ ሁለቱም ደረጃ 5 ላይ የጻፋችሁትን ያንኑ ፈንክሽን ይጥሩ። ጎረቤቶቹን የማንቀሳቀሱ ጥቅም አንደኛው እዚህ ነው። ረድፉ ራሱ ቢነቀል ፎከሱ ከበተኑ ላይ ይጠፋና በኪቦርድ የሚሠራው ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከገጹ መጀመሪያ ይነሣ ነበር። አሁን ግን ፎከሱ እዚያው ነው፤ ኢንተርን ደጋግሞ መጫን ብቻ ነው። ከሚንቀሳቀሱት የመጀመሪያው ረድፍ "ወደ ላይ"፣ የመጨረሻው ረድፍ "ወደ ታች" ሲጫኑ ምንም እንደማይሠሩ ማሳየትን አትርሱ።

ስክሪን ሪደር ለሚጠቀሙ ኤሪያ ላይቭ የተባለው አትሪቢዩት ፖላይት በሚል ዋጋ የተሰጠው አንድ ባዶ ቦታ ገጹ ላይ አስቀምጡ። ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ የአባሉን ስምና አዲሱን ወር፣ ለምሳሌ "አሁን ጥር ላይ ናቸው፣ ከ12 5ኛ" ብላችሁ እዚያ ጻፉ። የሚያይ ሰው በዓይኑ ያገኘውን የማያይ ሰው በጆሮው ያገኛል።

ደረጃ 9፦ በስልክ እንዲሠራ አድርጉ

እነ ድራግስታርት መጀመሪያ የመጡት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ነው። ያኔ በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው ስልክ ገና አልተስፋፋም ነበር። የተሠሩት ለማውስ በመሆኑ በስልክ ብራውዘሮች ላይ ባሕሪያቸው ዛሬም ወጥ አይደለም፤ አንዱ ላይ አይሠሩም፣ ሌላው ላይ መያዣውን ረዘም አድርጎ መጫን ይጠይቃሉ። ተጠቃሚያችሁ በብዛት በስልክ የሚከፍት ከሆነ በእነሱ ብቻ አትመኩ።

አስተማማኙ መንገድ ፖይንተር ኢቨንት የሚባሉት ናቸው፤ ማውስን፣ ጣትንና ብዕርን በአንድነት ይይዛሉ። መያዣው ላይ ፖይንተርዳውን ሲመጣ ጉተታውን ጀምሩና ሴትፖይንተርካፕቸር በሉ፤ ጣቱ ከመያዣው ቢወጣም እንቅስቃሴው መድረሱን ይቀጥላል። ፖይንተርሙቭ ሲመጣ የደረጃ 5ን ስሌትና ፈንክሽን ያለ ለውጥ ጥሩ። ፖይንተርአፕ እንደ ድሮፕ፣ ፖይንተርካንስል እንደ መሰረዝ ያገልግሉ። ካፕቸር ያደረገው መያዣ ከገጹ ከተነቀለ ካፕቸሩ ይለቀቃል፤ ጉተታው መሃል ላይ ይሞታል። ጎረቤቶቹን የማንቀሳቀሱ ሁለተኛ ጥቅም ይህ ነው። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ሁለቱ እንዳይጋጩ ድራገብል የሚለውን ከመያዣው ላይ አንሡ፤ ማውሱንም ፖይንተር ኢቨንት ይሸከመዋል።

በሲኤስኤስ ለመያዣው ተች ሰረዝ አክሽን ነን የሚለውን ስጡት። ካልሰጣችሁት ስልኩ ጣታችሁን እንደ ስክሮል ይቆጥረውና ጉተታውን ይሰርዘዋል። ለመያዣው ብቻ ይሁን፤ ለሙሉው ሠንጠረዥ ከሰጣችሁት ሰው ገጹን ወደ ታች መውሰድ አይችልም። ጣቱ ወደ ስክሪኑ ጫፍ ሲቀርብ ገጹ በራሱ እንዲሄድም ስክሮልባይ በሚለው ትንሽ ትንሽ ግፉት፤ በፖይንተር ኢቨንት ብራውዘሩ ይህን አይሠራላችሁም።

ደረጃ 10፦ የተዘጋጀ ላይብረሪ መጠቀም መቼ ያዋጣል?

ጊዜ ካነሳችሁ ሶርተብል ጄኤስ የተባለው ነጻ ላይብረሪ ከደረጃ 4 እስከ 6 ያለውንና የስልኩን ክፍል ይሸፍንላችኋል። ቲቦዲውን ትሰጡታላችሁ፤ የመያዣውን ክላስ ትነግሩታላችሁ፤ ጉተታው ሲያልቅ ኦንኤንድ የሚለውን ፈንክሽናችሁን ይጠራል። ጄኩዌሪ ያለበት የቆየ ሥራ ላይ ደግሞ የጄኩዌሪ ዩአይ ሶርተብልን ታገኙ ይሆናል፤ እሱ ያለ ተጨማሪ ኮድ በጣት አይሠራም፤ ረድፉም ሲያዝ የሕዋሶቹ ስፋት ይጨማደዳል። የእያንዳንዱን ሕዋስ ስፋት ቀድሞ በፒክስል መቆለፍ ያስተካክለዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ ደረጃ 1፣ 2፣ 7 እና 8 የእናንተው ሥራ ሆነው ይቀራሉ። መግፋት ይሁን መለዋወጥ፣ ወሩ የማን እንደሆነ፣ ማን ይቀይር፣ ሁለት ሰው ሲጋጭ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስንላችሁ ላይብረሪ የለም።

አለቀ ከማለታችሁ በፊት

እነዚህን ሞክሩ፦

ረድፍ አንቀሳቅሱና ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ፤ ባለበት አለ?

የመጀመሪያውን ወደ መጨረሻ፣ የመጨረሻውን ወደ መጀመሪያ ጎትቱ። ወራቱ በትክክል ተጽፈዋል?

ጎትታችሁ መሃል ላይ ኢስኬፕ ተጫኑ። ወደ ቦታው ተመለሰ?

ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ አንቀሳቅሱ። ገጹ እንዳልተቀመጠ ነገራችሁ?

በሁለት ብራውዘር ከፍታችሁ በሁለቱም ቀይሩ። የመጀመሪያው ሥራ ሳይነገራችሁ ጠፋ?

ማውሱን ንቀሉና በታብና በኢንተር ብቻ ሥሩበት።

በእጃችሁ ካለው እጅግ ርካሽ ስልክ ላይ ክፈቱት።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተሳካ ገጹን ለሰው አትስጡ። ረድፉ ሲንሸራተት ማየት ደስ ይላል፤ ተጠቃሚው የሚያምነው ግን ትናንት ያስተካከለውን ተራ ዛሬም እንደነበረ ሲያገኘው ነው። ስለዚህ ከጉተታው በፊት ደረጃ 7 እና 8ን አስቀድሙ፦ መጀመሪያ በሁለቱ በተኖች የሚንቀሳቀስና በትክክል የሚቀመጥ ሠንጠረዥ አድርሱ፤ ጉተታውን ከዚያ በላዩ ጨምሩበት። ጉተታው አንድ ቀን ቢበላሽ እንኳ የማኅበሩ ተራ አይፋለስም።